«ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ እግራቸው ይሞታል»

ጥያቄ፦ «በከፍተኛ ሊግ የሚወዳደር የአንድ ከተማ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሆኜ ከተመደብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ቀርቷል። ባለፈው ዓመት ከተቆጠሩብን ግቦች አብዛኞቹ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የገቡ ናቸው፤ ልጆቹ እግራቸው ይሞታል። ስለዚህ በየጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ አስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር አስሮጣቸዋለሁ፤ ያረፈደ ተጨማሪ ይሮጣል። እስካሁን አራቱ የኋላ ታፋቸውን ይዘው ወጥተዋል። ካምፕ የለንም፣ ምሳቸውን በየፊናቸው ነው የሚበሉት። የገና ጾም ሲገባ ግማሾቹ ይጾማሉ። አምበሉን ጨምሮ አምስት ስድስቱ ከምሳ በኋላ ይቅማሉ፣ ማታ ጨብሲ ይወጣሉ። የሁለት ወር ደመወዝ ውዝፍ አለ። በረኛዬ ስድስት ኪሎ ጨምሮ መጥቷል። ሥርዓት እንዲይዙ አምበሉን ላሰናብተው? ምግቡንስ በዚህ አቅም እንዴት ላስተካክል?»

መልስ፦

አሰልጣኝ፣ ከሁሉ በፊት የነገ ጠዋቱን ሩጫ ይሰርዙ። ሌላው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የ70ኛው ደቂቃ ድካም እውነተኛ ችግር ነው፤ መድኃኒቱ ግን ረጅም ሩጫ አይደለም። አንድ የሜዳ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህን ቁጥር ያየ ሰው የእርስዎን 10 ኪሎ ሜትር ትክክል ነው ሊል ይችላል። ሆኖም ከዚያ ርቀት አብዛኛው እርምጃና ሶምሶማ ነው። ጨዋታውን የሚወስነው ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጠው ነው፦ መነሳት፣ መቆም፣ መዞር፣ ትንፋሽ ሳይሰበሰብ እንደገና መነሳት። ለአንድ ሰዓት በእኩል ፍጥነት የሮጠ ልጅ ለዚህ አልተዘጋጀም። የአራቱ ልጆች ታፋም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የኋላ ታፋ ጡንቻ በብዛት የሚጎዳው በሙሉ ፍጥነት ሲሮጡ እግር ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን በሚይዝበት ቅጽበት ነው። በሶምሶማ ውስጥ ያ ቅጽበት ስለሌለ ጡንቻው አይለምደውም። ጠዋት በባዶ ሆድ የደከመ ጡንቻ ቀጥሎ በኳስ ልምምድ ድንገት ሙሉ ፍጥነት ሲጠየቅ አልችል ይላል። አስፋልቱ ደግሞ የቅልጥም ሕመም ይጨምርበታል።

ሩጫን የማርፈድ ቅጣት ማድረግዎም ቢቀር ይሻላል። የሚያረፍደው ብዙውን ጊዜ ያልተኛውና ያልበላው ነው፤ በዚያ ላይ ሩጫ ሲጨመርበት ቀጣዩ ተጎጂ እሱ ይሆናል። ሌሎቹም ሩጫን እንደ ጥፋት ዋጋ ማየት ይለምዳሉ። እርስዎ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሊያስሮጧቸው ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለመለካት ይተዉት። ሐኪም ቤት ሄደው የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የሄሞግሎቢንና የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። የሰገራውን ምርመራ እንደ ትንሽ ነገር አይዩት። አሜባ፣ ጃርዲያ ወይም የአንጀት ትል ያለበት ልጅ የቱንም ያህል ቢበላ ጉልበቱ አይመለስም፤ ሜዳ ላይ ግን ሰነፍ ነው የሚመስለው። ከተማችሁ ከፍታ ላይ ከሆነች ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል ለቆላ የተሰራው መለኪያ ደም ማነስን ሊሸፍን ይችላል፤ ይህን ለሐኪሙ ያስታውሱት።

ለብቃት መለኪያ ዮዮ ቴስትን (የመመላለስ ፈተና፣ ደረጃ 1) ይጠቀሙ። በእኛ አገር የተለመደው የ12 ደቂቃ ሩጫ ጥሩ ሯጭን ይለያል፤ ዮዮ ግን ሮጦ፣ አርፎ፣ እንደገና መሮጥ የሚችለውን ያሳያል። 20 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ኮኖች ይተክላሉ፣ ከመነሻው ኮን ኋላ ደግሞ 5 ሜትር ላይ አንድ። ተጫዋቹ በድምፅ ምልክቱ 20 ሜትር ሄዶ ይመለሳል፣ 10 ሰከንድ ውስጥ የ5 ሜትሯን ሄዶ መጥቶ ይቆማል፣ ቀጣዩን ምልክት ይጠብቃል። ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነስቶ እየጨመረ ይሄዳል። ምልክቱ ሁለት ጊዜ የቀደመው ይወጣል፤ የሸፈነው ርቀት ይመዘገባል። ድምፁ በስልክ ይጫናል፣ የሚያስፈልገው ጠንካራ ስፒከር ብቻ ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ ወንዶች 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ከፍታ ቁጥሩን ስለሚቀንስ ግን ልጆችዎን ከአውሮፓ ሰንጠረዥ ጋር አያወዳድሩ፤ እያንዳንዱን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ያወዳድሩት። ዛሬ 1,100 ሜትር የሄደ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት 1,500 ቢደርስ ሥራው ሠምሯል። የተጎዱት አራቱ ይህን አይሞክሩ።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ዋናው የትንፋሽ ሥራ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ ይሁን። አራት ደቂቃ የልብ ምት ከከፍተኛው 90 እስከ 95 በመቶ በሚደርስበት ጥረት፣ ቀጥሎ ሦስት ደቂቃ ቀስ ያለ ሶምሶማ፤ ይህ አራት ጊዜ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኖርዌይ ወጣት ተጫዋቾች ላይ በወጣ ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለስምንት ሳምንት ይህን የሠሩት በጨዋታ የሚሸፍኑት ርቀት 20 በመቶ ያህል ጨምሯል። እርስዎ በኳስ ያሠሩት፦ 4 ለ 4 ከበረኞች ጋር፣ 40 በ30 ሜትር ሜዳ ላይ፤ ኳስ ሲወጣ ወዲያው ሌላ የሚወረውር ሰው ቁጭ አድርገው። ኳስ ለማምጣት 20 ሰከንድ ከጠፋ ልብ ያርፍና ልምምዱ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የልብ ምት መለኪያ ከሌለ ፊሽካ እንደተነፋ ሁለት ጣት አንገት ላይ አድርገው 15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት፤ ለሃያ ዓመት ልጅ ከ180 በላይ መሆን አለበት። 160 ላይ የሚቆመው ወይ እየተደበቀ ነው ወይ ሜዳው ጠቦታል።

ሁለተኛው ነገር ሙሉ ፍጥነት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰውነት ከሟሟቀ በኋላና ድካም ሳይመጣ፣ ስድስት ጊዜ 30 ሜትር፤ በየመሐሉ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዕረፍት። ብዙ አሰልጣኞች ጉዳት ፈርተው ይህን ይዘሉታል። በልምምድ ሙሉ ፍጥነቱን የማያውቅ ጡንቻ ግን የሚያገኘው ጨዋታ ላይ ነው፣ የሚጎዳውም እዚያው።

ለሰውነት ማሟሟቂያ ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» አለ፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ መሣሪያ አይፈልግም፣ ስምንት ደቂቃ ሩጫ፣ አሥር ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ይሥሩት። ውስጡ ካሉት እንቅስቃሴዎች አንዱን ለብቻው ያሳድጉት፦ ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዛል፣ እሱም ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወድቃል፤ መያዝ ሲያቅተው በእጁ መሬት ይቀበላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ 2 ዙር በ5። በሁለተኛው ሁለት ቀን፣ 2 ዙር በ6። በሦስተኛው ሦስት ቀን፣ 3 ዙር ከ6 እስከ 8፤ በአራተኛው 3 ዙር ከ8 እስከ 10። ይህን በትዕግሥት የሠሩ ቡድኖች የኋላ ታፋ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሁሌ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን 3 ዙር በ10 ያዛል፣ ልጆቹ ለአራት ቀን ደረጃ መውረድ ያቅታቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይሠራውም። ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንም አይደረግም።

የሥራውን ጫና በደብተር ይያዙት። ልምምድ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያንዳንዱን «ከ0 እስከ 10 ስንት ከበደህ?» ብለው ለብቻው ይጠይቁ፣ በደቂቃው ያባዙት። 75 ደቂቃ በ7 ሲባዛ 525 ነው። የሳምንቱን ይደምሩ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ጭማሪ ከአሥር በመቶ ብዙም እንዳይበልጥ። ሁሉም 5 ያለውን ልምምድ አንዱ 9 ካለ፣ ያ ልጅ ወይ አልተኛም፣ ወይ አልበላም፣ ወይ ታሟል። እርስዎ የሥርዓት ጉድለት የሚሉትን ብዙውን ነገር ይህ ደብተር ቀድሞ ይነግርዎታል።

አራቱ ተጎጂዎች ቀን ተቆጥሮላቸው አይመለሱም። ያለ ሕመም ይራመዱ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ግማሽ ፍጥነት፣ ሰባ፣ ዘጠና በመቶ፤ በየደረጃው በማግስቱ ሕመም ከሌለ ብቻ ይለፉ። ከቡድኑ ጋር ቢያንስ ሁለት ሙሉ ልምምድ ሳይሠራ ጨዋታ ላይ የሚገባ አይኑር። ወጌሻው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወግቶ ማስገባትን ዘዴ አድርጎት ከሆነ ያስቁሙት። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከለ መሆኑንም ለሁሉም ይንገሩ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ለልጆቹ አያድሉ። ደመወዝ ያልተከፈለው ልጅ «ዶሮ፣ ዓሣ፣ አትክልት» የሚል ወረቀት ቢሰጡት ስድብ ነው የሚሆንበት። አርሰን ቬንገር በ1996 ወደ አርሰናል ሲመጣ የለወጠው የክለቡን ማዕድ ነበር፤ የተቀቀለ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ፓስታና አትክልት ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ቸኮሌቱን አነሳ። ተጫዋቾቹ በብላክበርኑ ጨዋታ ጉዞ ላይ በአውቶቡስ ውስጥ ቸኮሌታችን ይመለስልን ብለው ዘምረውበታል። እሱ ግን ከአቋሙ አልተመለሰም፤ በ1998 ቡድኑ ሊጉንና የኤፍኤ ዋንጫን አብሮ ወሰደ። የእርስዎ ክለብ የአርሰናል ወጥ ቤት የለውም፤ በቀን አንዲት ማዕድ ግን መቆጣጠር ይችላል።

ልምምዱን ወደ ጠዋቱ 2፡30 ያዙሩት። 1፡30 ላይ ሻይ በዳቦ ወይም አንድ ሙዝ ይቅመሱ። ልምምዱ እንዳለቀ እዚያው ሜዳ ላይ የማገገሚያ ምግብ፣ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ምሳ በጋራ። በሜዳው አጠገብ ካለች የምግብ ቤት ባለቤት ጋር ክለቡ ውል ይፈራረም፤ ገንዘቡ በልጆቹ እጅ አይለፍ፣ ከደመወዝም አይቀነስ።

የሜዳው ምግብ ለአንድ ሰው 60 ግራም በሶ በማር ተበጥብጦ፣ አንድ ሙዝ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ነው። በሶውና ሙዙ 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ፤ ለ70 ኪሎ ተጫዋች ይህ በኪሎ አንድ ግራም ማለት ነው። እንቁላሉና ወተቱ 20 ግራም ፕሮቲን ናቸው። ለ25 ተጫዋች አንድ ኪሎ ተኩል በሶ፣ 25 ሙዝ፣ 50 እንቁላልና ከስድስት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ወተት ይበቃል። በሶ ከውጭ ከሚመጣው የጉልበት ዱቄት በዋጋ ረክሶ ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ አያቶቻችን ለመንገድ ስንቅ የመረጡት ያለምክንያት አልነበረም።

ምሳው ላይ እንጀራው ይቅረብ፣ የሚለወጠው ወጡ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች በልምምድ ቀን ከ350 እስከ 420 ግራም፣ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንና በጨዋታው ቀን ከ420 እስከ 560 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ፕሮቲን በየቀኑ 112 ግራም ከዝቅተኛው ነው። 100 ግራም ያልበሰለ ፓስታ ወይም ሩዝ 75 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ 100 ግራም ዳቦ 50፣ አንድ ሙዝ 25፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17። 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ከ25 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24። ለባለቤቷ የሚነግሯት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ዘይቱ ይቀነስ፣ ምስር ወይም ሥጋ ከእንጀራው እኩል ይብዛ፣ ከወጡ ጎን ቲማቲም ሰላጣ በሎሚ አይጥፋ። ሎሚው ከጤፉና ከምስሩ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ያንኑ ብረት ያስቀራሉ፤ አንድ ሰዓት ይቆዩ።

ጨዋታው 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ምሳ 5፡30 ላይ ይቅረብ፦ ለሰው 150 ግራም ያልበሰለ ሩዝ ወይም ፓስታ ተቀቅሎ፣ በቀላል የቲማቲም ስጎ፣ ትንሽ ዶሮ ወይም ሥጋ ታክሎበት። በዚያ ሰዓት ሽሮና ባቄላ ሆድ ይነፋሉ፣ በርበሬ የበዛበት ቁሌት ቃር ያመጣል፣ ቅቤ ያለው ነገር ከሆድ ቶሎ አይወርድም። ጥሬ ሥጋ በውድድር ሳምንት አይነካ። 8 ሰዓት ላይ አንድ ሙዝ። ቡና የለመደ አንድ ስኒ ቢጠጣ አይጎዳውም፤ ካፌይን ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የለም።

የሚጠጣውን ራሳችሁ ሥሩት፦ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ከጨዋታው ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ 350 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በዕረፍት ሰዓት ከዚህ መጠጥ አንድ ብርጭቆ። ተጫዋቾችን ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዝኑ። 70 ኪሎ የነበረ 68.6 ሆኖ ከወጣ ሁለት በመቶ አጥቷል፤ ከዚያ በላይ ሲደርቅ ፍጥነቱም ውሳኔውም ይወርዳል። ለጠፋው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል በቀስታ ይመልሱለት። ውድድሩ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ከተማ ከተመደበ፣ ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ግቡ። ያ ካልተቻለ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ከፊት ጀምሮ በመጫን አይጀምሩ።

ጾምን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ እንጸናለን፦ ማንም አሰልጣኝ ተጫዋቹን «ፍታ» ማለት የለበትም። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ እርስዎም ከአሁኑ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው እንዴት እንደሚጾም ይጠይቁ። ከሥጋና ከወተት ብቻ የሚከለከለው ቀላል ነው፤ እንቁላሉና ወተቱ በሽምብራ ንፍሮ፣ በኦቾሎኒና በተልባ ይተካሉ፣ ምሳው ላይ ምስርና ሽሮው ይጨመራል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ምስር በእንጀራ ጥሩ ጥምረት ነው። መጠኑ ግን መብዛት አለበት፤ ጿሚ ተጫዋች የሚከሳው ብዙ ጊዜ እንደ ፍስኩ ቀን መጠን ስለሚበላ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚቆየውን ልጅ ጠዋት ከባዱን ልምምድ አያሠሩት፤ ቀላሉን ከቡድኑ ጋር ሠርቶ ከባዱን ከቀመሰ በኋላ በ10፡30 ይሥራ። የጨዋታ ቀንን ከንስሐ አባቱ ጋር ራሱ ይነጋገርበት። ረመዳን በነዚህ ዓመታት የካቲት አካባቢ፣ ከዐቢይ ጾም ጋር ተጠግቶ ይውላል። ሙስሊም ተጫዋቾችዎ ውኃም ስለማይቀምሱ ከባዱን ሥራ ከማፍጠሪያው በፊት ወዳለው የመጨረሻ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ያዙሩላቸው፤ ሱሁር ላይ አጃ ወይም ቅንጬ፣ እንቁላልና ብዙ ውኃ ይውሰዱ።

ጫቱ ላይ እንምጣ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምት ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ይከተላል፤ ቢራው ደግሞ የተጎዳውን ጡንቻ ጥገና ያዘገያል። በማግስቱ ጠዋት እርስዎ የሚያገኙት ያልበላ፣ ያልተኛና የደረቀ ሰውነት ነው። የ70ኛውን ደቂቃ መልስ ከፊሉን እዚህ ያገኙታል። በተጨማሪ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው፤ ሌላው የጫት ንጥረ ነገር ካቲን ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ስንት ሰዓት ቀድሞ ቢያቆም ይጠፋል የሚል ስሌት ውስጥ ማንም እንዳይገባ። ከኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ባለሙያ አስመጥተው ለቡድኑ እንዲያስረዳ ቢያደርጉ ቃሉ ከእርስዎ ይልቅ ይከብዳል።

በርጫው የሚያዘው ከምሳ በኋላ ባለው ባዶ ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ። ያን ሰዓት ባዶ ትተው ጫትን መከልከል አይሆንም። በሳምንት ሦስት ቀን 9 ሰዓት ላይ የ40 ደቂቃ የጥንካሬ ሥራ ያስገቡ፣ በሌሎቹ ሁለት ቀናት የባለፈውን ጨዋታ ቪዲዮ በመስመር በመስመር ያሳዩ፣ የመስመር ተከላካዮች ዛሬ፣ አማካዮች ነገ። ከምሳ በኋላ የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ልማድ ያድርጉት። ያቆመ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይደብረዋል፣ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ይነጫነጫል፤ ያን እንደ ንቀት አይቁጠሩት፣ ሥራውንም ቀነስ ያድርጉለት።

አምበሉን አሁን አያሰናብቱ። ከኋላው አምስት ሰው አለ፤ እሱን ከገፉት አምስቱ በዝምታ ይቃወሙዎታል፣ እሱን ካገኙት ግን አምስቱ ይከተላሉ። ቢሮ አይጥሩት፤ ሜዳውን እየዞራችሁ፣ የዮዮ ውጤቱንና የሳምንቱን የጥረት ነጥቡን ይዘው ያናግሩት። ስለ ጫቱ ከመጠየቅዎ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ይጠይቁት። ከዚያ ግልጽ ቃል ይግባ። ቃሉን ሲያጥፍ በሁለተኛው ንግግር ቡድን መሪው ይገኝ፣ በጽሑፍ ይያዝ። በሦስተኛው አምበልነቱን ለሌላ ይስጡ፣ በተጠባባቂ ወንበር ያስቀምጡት፣ ስሙን በተጫዋቾች ፊት ሳያነሱ። መሰናበት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በውሉ መሠረት ነው። ክፍልና ቦርሳ መፈተሽ ግን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እውነቱን የሚነግርዎ አይኖርም።

ደንቡ ከአምስት ነጥብ አይብለጥ፦ ሰዓት፣ የጋራ ማዕድ፣ ጫትና አልኮል፣ ሕመምን ሳይደብቁ መናገር፣ ውርርድ። የመጨረሻው የፊፋ የሥነ ምግባር ደንብ በእግር ኳስ ላይ መወራረድን ስለሚከለክል ነው፣ ስልክ ላይ የሚቆየው ሌሊትም ብዙ ነው። ደንቡን ከአምበሉና ከሦስት ተጫዋቾች ጋር ተቀምጠው ይጻፉት። እርስዎ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገኙ፤ ካረፈዱ የተጻፈውን ይክፈሉ። የገንዘብ ቅጣት በውል ወይም በክለቡ ደንብ ላይ ካልተጻፈ ከደመወዝ አይቆረጥም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ተቀናሹ በአጠቃላይ ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የተሰበሰበው ለተጫዋቾች ሳጥን ይግባ፣ ሒሳቡን ከተጫዋቾች አንዱ ይያዝ።

ሁለት ወር ያልተከፈለውን ሰው መቅጣት ግን አይቻልም፤ ክለቡ ራሱ ውሉን አፍርሷል። ስለዚህ ደንቡን ከማውጣትዎ በፊት ለቦርዱ በጽሑፍ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውዝፉ የሚከፈልበት ቀን፣ እና የምሳው ውል ወዲያው እንዲጀመር። ገንዘቡ አንድ ላይ ከሌለ አንድ ወር ይከፈል፣ ቀሪው ቀን ይቆረጥለት፣ ቀኑን ለተጫዋቾቹ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ይንገራቸው። በእርስዎ አፍ አይነገር፤ ካልተፈጸመ ውሸታም የሚሆኑት እርስዎ ነዎት።

የበረኛውን ነገር ላለመርሳት፦ ስድስት ኪሎ በስድስት ሳምንት አይወርድም፣ ይውረድ ቢባልም ጡንቻውን ነው የሚበላው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ማለትም 12 ሳምንት ይስጡት። ለስላሳውን፣ ሳምቡሳውንና ቢራውን ያስቁሙት፣ ራት ላይ እንጀራውን በግማሽ ቀንሶ ምስሩን፣ እንቁላሉንና አትክልቱን እንዳለ ይተውለት፤ ፕሮቲኑ በኪሎ 2 ግራም ይድረስ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መሮጥ የሚያወርደው ውኃ ብቻ ነው፣ ያስተዉት። በየሰኞው ጠዋት፣ ሳይበላ፣ ከወጌሻው ጋር ብቻውን ይመዘን፤ ቁጥሩ መልበሻ ክፍል ውስጥ አይነገር።